ሌቼ ፍላን እና ሁለቱ ጣሳዎቹ

በአዲስ አበባ ሆቴሎችና ኬክ ቤቶች ክሬም ካራሜል ብለን የምናዘው ጣፋጭ፣ በፈረንሳዮቹ ወግ ከወተት፣ ከሙሉ እንቁላልና ከስኳር ይሠራል። እኔ ግን ይበልጥ ወፈርና ለስለስ ያለውን ለሚወድ ሰው የፊሊፒንሱን ሌቼ ፍላን አስተዋውቃለሁ። ምሥጢሩ ያለው ወተቱን በመለወጡ ላይ ነውና።

ፍላን ወደ ፊሊፒንስ የገባው እ.ኤ.አ. እስከ 1898 በዘለቀው የስፔን አገዛዝ ዘመን ነው። ከስፔን ቀጥሎ አሜሪካ ስትገዛ ደግሞ የጣሳ ወተት ተስፋፋ። ትኩስ ወተት እንደ ልብ በማይገኝበት ሞቃት አገር ባለሙያዎቹ የያዙት ጣሳውን ነው፤ ጣፋጩም ተሻለ እንጂ አልተበላሸም።

የላም ወተት ከመቶው 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ኢቫፖሬትድ የሚባለው የጣሳ ወተት ከዚህ ውሃ 60 በመቶ ገደማ ተኖለታል። ስለዚህ ስቡና ፕሮቲኑ በእጥፍ ገደማ ይጠጥራል፤ ክሬም ሳይጨመርበት ውህዱ ይከብዳል። ሁለተኛው ጣሳ ኮንደንስድ ሚልክ ነው፤ አሜሪካዊው ጌይል ቦርደን እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ያገኘበት አሠራር ውጤት። ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ስኳር ስለሆነ ወደ ውህዱ ሌላ ስኳር አይገባም። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የእንቁላሉን መርጋት ስለሚያዘገይ ፍላኑ እንዳይደርቅ ይረዳል።

ወተቱ ሲለወጥ እንቁላሉም ይለወጣል። በሌቼ ፍላን ከሁለቱ ጣሳዎች ጋር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 የሚጠጋ አስኳል ብቻውን ይገባል። ነጩ አጥብቆ ያረጋል፤ አስኳሉ ግን ስብም አለው፣ ስብና ውሃን የሚያስማማ ሌሲቲንም አለው።

ክሬም ብቻውን ቢገባስ? ያኔ የሚወጣው ክሬም ብሩሌን የመሰለ ነው፤ ሲገለበጥ ቅርጹን መያዝ ስለሚከብደው ከነሳህኑ ይበላል። ለመገልበጥ ለሚፈልግ ግማሽ ወተት፣ ግማሽ ክሬም ይበቃዋል። ፖርቶ ሪኮዎች የክሬም አይብ ጨምረው ጠንከርና ጠጠር ያለ ፍላን ይሠራሉ። ስቡ የወጣለትን ወተት ግን አልመክርም፤ ቀጭን ጣዕም ነው የሚሰጠው።

ጣሳው ለተወደደበት ቤትም መላ አለ። ሙሉ ስብ ያለውን ወተት፣ በተለይ የአገር ላም ወተት ከተገኘ፣ ስልባቦት እንዳይይዝ እያማሰሉ በዝግታ እሳት ግማሽ እስኪሆን ማንተክተክ ነው። ከእንቁላሉ ጋር ከመገናኘቱ በፊት መብረድ አለበት።

ይህ ሁሉ ድካም በእሳት ሊጠፋ ይችላል። ውህዱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይረጋል፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ፕሮቲኑ ይጨማደድና ውሃ ይተፋል፣ ውስጡም ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ፊሊፒናውያን ላኔራ በሚሉት ሞላላ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የተቃጠለ ስኳር አንጥፈው፣ ውህዱን አጥልለው ይጨምሩና ከድነው በለስላሳ እንፋሎት ያበስሉታል። በምድጃ ለሚጋግር ሙቅ ውሃ በያዘ ትሪ ውስጥ ማስቀመጥ ያው ነው፤ ውሃው ግን እንዳይንፈቀፈቅ። ዳሩ ረግቶ መሐሉ ሲንቀጠቀጥ ይወጣል፤ የቀረውን የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ስብ የበዛበት ፍላን የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነውና ሳይገለበጥ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።