ጎንደር በነጋዴ ዓይን

በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት ጀምሮ ከተማይቱ ከ200 ዓመት በላይ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ኖራለች። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያየው 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ቅጥር የተከበበውን የፋሲል ግቢ ነው። በውስጡም የዐፄ ፋሲል ግንብ፥ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፥ የዐፄ ኢያሱና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንጻዎች ይገኛሉ። ግቢው በጥቅምት ወር 1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ ድንጋዩንና ኖራውን ብቻ ተመልክቶ የሚመለስ ጎብኚ የከተማይቱን ታሪክ እኩሌታ ሳያይ ይቀራል። ጎንደር የሲራራ መንገዶች መገናኛ ነበረችና። አንደኛው መንገድ በትግራይ አልፎ ወደ ምጽዋ፥ ሁለተኛው በመተማ በኩል ወደ ስናር ይወስድ ነበር። ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣ፥ ጨርቃ ጨርቅ ይገባ ነበር፤ የሚያሳዝን ቢሆንም ሰውም ይሸጥ ነበር። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ኋላም የማርያ ትሬዛ ብር ተጨመረበት። የሩቁን ንግድ በብዛት የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ሲሆኑ፥ በ1660 ዓ.ም. የተሰበሰበው ጉባኤ ሰፈራቸው ለብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሰፈራቸው ቢለይም ከተማይቱ ከንግዳቸው ልትለይ አልቻለችም።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቱን ባቃጠሉ ጊዜ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ በጣራዋ ላይ በተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዛሬም እንግዳን ታስደንቃለች። የጥር 11 ጥምቀት በፋሲል መዋኛ የሚከበርበት ሥርዓትም የታወቀ ነው።

ሆኖም ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በሰሜኑ ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የጎብኚው እግር ተመናምኗል። ጉዳቱ በሆቴል ባለቤት ብቻ አይቆምም፤ ለሆቴሉ ቅቤና እህል የሚያቀርበው ባለ ሱቅ፥ ጋቢ የሚሸምነውና ሸክላ የምትሠራው ሁሉ የሚካፈሉት ነው።

የውጭው እንግዳ ባነሰበት ጊዜ የቅርቡ እንግዳ ራሱ ነጋዴው ነው። ሰሊጥ ለመግዛት ወደ መተማ የሚወርድ ላኪ ጎንደርን የሚያውቃት ብዙ ጊዜ በማደሪያነቷ ብቻ ነው። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ጠይቆ በጉዞው ላይ አንድ ቀን ቢጨምር፥ ጧት ግቢውን፥ ከሰዓት በኋላ ቅዳሜ ገበያን ለማየት ይበቃዋል። የሚያወጣውም ገንዘብ ጥንት ሲራራ ያበለጽገው በነበረው ገበያ ውስጥ ይቀራል።