የፔቴል ሊኬር በቤት ውስጥ

ሰሞኑን ለሥራ የጎበኘኋቸው እናት ከወንዝ ዳር የለቀሙትን ፍሬ አሳይተውኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ እንጆሪ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የአገር ቤቱ የዱር እንጆሪ ዘመድ ነው። በዕብራይስጥ ፔቴል ይባላል። በገሊላ በምንጭና በወንዝ ዳር፣ በእሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ይበቅላል፤ በበጋው ሙቀት ሲበስል ይጠቁራል። ሽሙራት ቴቫ ከሚባለው የተከለለ ቦታ ግን መልቀም በሕግ ክልክል ነው። በየሕንጻው አጥር የሚተከለውን የላንታና ፍሬም አትንኩ፤ ጥቁር ሆኖ ቢያምርም፣ በተለይ ያልበሰለው ይመርዛል።

ከፔቴል ሊኬር ለመሥራት እንደ አረቄ ማውጣት አያስፈልግም። ግማሽ ኪሎ ፍሬ አጥባችሁ አጠንፍፉ። በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ከሩብ ኪሎ ስኳር ጋር አድርጋችሁ፣ ከሱቅ የተገዛ አንድ ሊትር ቮድካ ጨምሩበት። ቮድካው 40 በመቶ ይሁን፤ ከዚያ በጣም የቀለለ መጠጥ ከሆነ እንደ ጠጅ ይፈላና ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል። ከድናችሁ ጨለማ ቦታ 6 ሳምንት አስቀምጡ፤ አልፎ አልፎ ነቅነቅ አድርጉት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት።

እኔን የሚያሳስበኝ ጠርሙሱ ነው። ልጆቻችን በውኃ በጥብጠው የሚጠጡት ቀይ ሽሮፕም ሚጽ ፔቴል ነው የሚባለው። ቀለሙ ያው፣ ጣዕሙ ያው! በጁስ ጠርሙስ ቀድታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ልጅ ከትምህርት ቤት ተጠምቶ ሲመጣ ይጠጣዋል። ባገር ቤት ልጅን ጠላ ማቅመስ ነውር አልነበረም፤ ይህ ግን ከጠላ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ የትንሽ ልጅን የደም ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ስለዚህ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። ልጅ ከጠጣው ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ወዲያው 101 ደውሉ።