ልጁ ኳስ ይችላል፤ የግል ትምህርት ቤቱ በነጻ ይወስደዋል?

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። "አንተ ስፖርት ትከታተላለህ አይደል? እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ" ትላለች። ልጇ አስር ዓመቱ ነው፣ ኳስ ይወዳል፣ ይችላልም። ጓደኛዋ ደግሞ "የግል ትምህርት ቤቶች እኮ ስፖርት የሚችል ልጅ በስኮላርሺፕ ይወስዳሉ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?" ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የትምህርት ቤቶችን ድረ ገጽ ስታገላብጥ ነው የምታመሸው።

ጓደኛዋ አልዋሸችም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረቻት።

እንግሊዝ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት የሚማረው ከ100 ተማሪ ሰባት ያህሉ ነው። ክፍያው በአማካይ በዓመት ከ18,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ያውም አዳሪ ላልሆነ ተማሪ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ 20 በመቶ ቫት ተጨምሮበታል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በ11፣ በ13 እና በ16 ዓመት ተማሪ ሲቀበሉ ከመግቢያ ፈተናው ጎን የስፖርት ስኮላርሺፕ ያወዳድራሉ። ልጁ ለሙከራ ይጠራል፤ ዋና ስፖርቱን ይጫወታል፣ ሩጫና አካል ብቃቱ ይለካል፣ የክለብ አሰልጣኙ ስለሱ ይጠየቃል። የእንግሊዙ የክሪኬት ኮከብ ጆ ሩት በ15 ዓመቱ ወርክሶፕ ኮሌጅ የገባው በስፖርት ስኮላርሺፕ ነው (ስሙ ኮሌጅ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ነው)።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ ጋ "ስኮላርሺፕ" ሲባል በነጻ መማር ነው የሚመስለን። እዚያ የስፖርት ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ ከክፍያው የሚቀንሰው ትንሽ ነው። 10 በመቶ ቢቀንስ እንኳ ከ18,000 ፓውንድ 16,200 ይቀራል። አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ብር የለውም፤ የክብር ስምና ተጨማሪ ሥልጠና ብቻ ነው። ክፍያውን በእውነት የሚያወርደው "በርሰሪ" የሚባለው ነው። እሱ የሚሰጠው የወላጅ ገቢ ታይቶ ነው፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት እስከ 100 በመቶ ይሸፍናል። የራሱ ፎርም አለው፣ የደመወዝ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ቀነ ገደብም አለው። ልጁን ለሙከራ ቀን ሲያሯሩጥ የከረመ ወላጅ ይሄን ፎርም ካልሞላ፣ ልጁ አልፎም ክፍያው ያስቀረዋል።

ሁለተኛው ጣጣ፣ የትኛው ስፖርት? ኳስ የሚቀበሉ አሉ፣ ግን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚኮሩት በራግቢ፣ በክሪኬት፣ በሆኪ፣ ለሴቶች ደግሞ በኔትቦል ነው። ሆኪ ሰፈር ውስጥ በካልሲ ኳስ አይለመድም። ሜዳ ይፈልጋል፣ የክለብ ክፍያ አለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን በመኪና የሚያመላልስ ሰው ይፈልጋል። ቅዳሜ ሥራ የምትገባ እናት ከየት ታምጣው? ስለዚህ "ችሎታ" ብለው ከሚመዝኑት ውስጥ የወላጅ ጊዜና ገንዘብም አብሮ ይመዘናል። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ካገኙት ብሪታንያውያን ሲሶ ያህሉ የግል ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ከ100 ሰባት ነው ያልነው፣ አይደል?

ሦስተኛው የልደት ቀን ነው። አዎ፣ የልደት ቀን። የእንግሊዝ የትምህርት ዘመን ልጆችን የሚቆርጠው ሴፕቴምበር 1 ላይ ነው። ሴፕቴምበር የተወለደና በሚቀጥለው ኦገስት የተወለደ ልጅ እኩል አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ግን ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። አዋቂ ላይ ይሄ ምንም አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ግን ከዕድሜው አንድ ሰባተኛ ያህል ነው! ትልቁ ይፈጥናል፣ ይገፋል፣ አሰልጣኙም "ተሰጥኦ አለው" ይለዋል፤ ከዚያ የተሻለ ቡድንና ብዙ ልምምድ ያገኝና የምር ይበልጣል። ይሄ ነገር በ1980ዎቹ የካናዳ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ተጠንቶ ታወቀ፣ በእንግሊዝ የኳስ አካዳሚዎችም በብዛት የሚመረጡት በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ናቸው።

ስፖርት በር ላይ ምን ያህል ይመዝናል የሚለውን በቁጥር ያየነው ግን ከእንግሊዝ ሳይሆን ከአሜሪካ ነው፣ እዚያ ፍርድ ቤት ፋይል አስከፍቷልና። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበው ክስ በወጣው መረጃ፣ አሰልጣኝ ከመለመላቸው አትሌት አመልካቾች ከ100 ውስጥ 86ቱ ገብተዋል። አትሌት ካልሆነው፣ ዘመዱም እዚያ ካልተማረው አመልካች ከ100 ስድስት አይሞላም። ሃርቫርድ ደግሞ በስፖርት ብቻ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ የሚሰጠው መግቢያውን ነው። መግቢያው ምን ያህል ውድ እንደሆነ በ2019 የወጣው ቅሌት ያሳያል። ሪክ ሲንገር የሚባል ደላላ ከሀብታም ወላጆች ብር እየተቀበለ፣ ጀልባ ቀዝፈው የማያውቁ ልጆችን በመቅዘፊያ ማሽን ላይ ፎቶ አስነስቶ አትሌት ናቸው ብሎ ያስገባ ነበር። በ2023 የሦስት ዓመት ተኩል እስር ተፈርዶበታል።

(አዲስ አበባ? በተከራዩት ቪላ ውስጥ ለተከፈተ ትምህርት ቤት "ልጄ ኳስ ይችላል" ብትሉት "የት ላይ ይጫወት?" ነው የሚላችሁ። የኛ ችግር ሌላ ነው፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በረጅም ድምፅ ላክሁላት። መጨረሻ ላይ "ልጁ መቼ ነው የተወለደው?" አልኳት። ጁላይ መጨረሻ። ከክፍሉ ትንንሾቹ አንዱ ነው፣ እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ "ቀጫጫ ነው፣ አይበላም" ስትል ነበር።

ማታ ደግሞ ጻፈችልኝ። ሦስት ትምህርት ቤት መርጣለች፣ ለሦስቱም የላከችው ኢሜይል ስለ ኳስ አያነሳም። የበርሰሪ ፎርሙ መቼ ነው የሚዘጋው፣ ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ሙሉውን አገኘ ነው የሚለው። አንዱ መልሶላታል፣ የቀራት ሦስት ሳምንት ነው።