ጠዋት ወራጅ፣ ከሰዓት ተሳፋሪ

ቅዳሜ ማለዳ ነው። አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የምትባለው የመዝናኛ መርከብ ከካሪቢያን የሳምንት ጉዞዋ ተመልሳ ማያሚ ወደብ ላይ ገመዷን ታስራለች። ርዝመቷ 365 ሜትር፣ ፎቋ 20፤ ጢም ስትል እስከ 7,600 ተሳፋሪ ትይዛለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ከነሻንጣው ይወርዳል፤ ክፍሎቹ ይጸዳሉ፣ አንሶላው ይለወጣል፣ የሳምንት ቀለብ ይጫናል፤ ሌላ ያንኑ የሚያክል ሕዝብ ይሳፈርና መርከቧ ሳይመሽ ትነሳለች። ለእንግዳው የዕረፍት መጀመሪያ የሆነው ቀን ለሠራተኛው ከሳምንቱ ሁሉ ከባዱ ነው። በመሳፈሪያው ቀን ሰውን ግራ የሚያጋባው አብዛኛው ትእዛዝም የሚመጣው ከዚሁ ጥድፊያ ነው።

ለምሳሌ የመግቢያ ሰዓት። የመርከቧ ድርጅት አስቀድሞ በስልክ መተግበሪያው ላይ ፎቶና የፓስፖርት መረጃ ያስሞላና ለእያንዳንዱ ሰው ሰዓት ይቆርጥለታል። ወደቡ ያለው ዶጅ ደሴት ላይ ነው፤ መግቢያው ከመሃል ከተማ የሚመጣ ድልድይና እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተ የባሕር ሥር ዋሻ ነው። ያለ ሰዓቱ ማልዶ የመጣ ሰው የሚጋፈጠው ከወራጆቹ ጋር ነው፤ ታክሲውም ሰልፉም የእነሱ ነው።

ተርሚናሉ በር ላይ ሻንጣ ተሸካሚዎች ይቀበሏችኋል። የክፍል ቁጥር ያለበትን ወረቀት ሻንጣው ላይ አስሮ፣ ጥቂት ዶላር ጉርሻ ሰጥቶ መለያየት ነው። ሻንጣው ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ሲመሽ ነው። ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የዋና ልብስና የሕፃን ዕቃ ከእጅ አይለዩ። ሻንጣው በኤክስሬይ ያልፋል፤ ካውያ፣ ሻማና የኤሌክትሪክ ምድጃ ከተገኘበት ተይዞ ይቀራል፣ ባለቤቱም ይጠራል። ጀበናና ዕጣን ሸክፎ ባሕር ላይ ቡና ለማፍላት ያሰበ የአገራችን ሰው ካለ ሐሳቡን ይተው፤ መርከብ ላይ ከእሳት የባሰ ጠላት የለም።

ወረቀት ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ጉዞው ተነስቶ የሚመለሰው እዚያው የአሜሪካ ወደብ ከሆነ፣ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ምስክር ወረቀትና መንግሥት በሰጠው ባለ ፎቶ መታወቂያ መሳፈር ይችላል። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ መርከቧ የምትቆምባቸው ደሴቶች ቪዛ ይጠይቁት እንደሆነ ገንዘብ ሳይከፍል በፊት ያጣራ።

ማርፈድም እንደ አውሮፕላኑ ከባድ ነው። መርከቧ ከመነሳቷ ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት የተሳፋሪዎቹ ስም ዝርዝር ለአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መድረስ ስላለበት፣ መመዝገቢያው ቀደም ብሎ ይዘጋል። መርከቧ ዓይናችሁ ሥር ቆማ በሩ ተዘግቶ ማየት አለ። «ቀጣዩ ወደብ ላይ እደርስባታለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያላት መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ያነሳችውን ሰው እንዲሁ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ እንዳታወርድ ይከለክላል፤ ከማያሚ የሚነሱት ትልልቆቹ ደግሞ ብዙዎቹ የባሃማስ ወይም የፓናማ ባንዲራ ነው ያላቸው። ስለዚህ ሌላዋ የአሜሪካ ወደብ ኪይ ዌስት ላይ ተሳፍሮ ማያሚ መውረድ አይቻልም፤ ባሃማስ፣ ናሶ ድረስ በረው ይያዟት ቢባል ደግሞ ፓስፖርት የግድ ነው። እኔ ብሆን የልደት ወረቀት ብቻ ይዤ አልወጣም፤ ከሩቅ ከተማ የምመጣ ከሆነም አንድ ቀን ቀድሜ ማያሚ አድራለሁ።

ከገቡ በኋላ ክፍሎቹ የሚከፈቱት ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደ ላይኛው ቡፌ ይንጋጋል። ታች ያሉት ትንንሽ ካፌዎች ባዶ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚያጉረመርምበት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ግን የቀልድ አይደለም። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ ጥር 2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ተላትማ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት የተሳፈሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። የዚያን ጊዜ ደንብ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበርና ጥፋት አልነበረም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሱ መደረግ አለበት። አሁን ብዙዎቹ መርከቦች ላይ ቪዲዮውን በስልክ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን አይቶ፣ በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ቦታ ሄዶ መመዝገብ ይበቃል። የማንቂያው ድምፅ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጡሩምባ ነው።

መርከቧ ስትንቀሳቀስ ከካፒቴኑ ጎን የወደቡን ውሃ ጠንቅቆ የሚያውቅ ፓይለት ይቆማል። ገቨርንመንት ከት በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ታልፋለች፤ ሳውዝ ፖይንት መናፈሻ ያሉ ሰዎች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ክፍት ባሕር ላይ ሲደረስ ፓይለቱ በጎን በሩ በገመድ መሰላል ወርዶ ትንሽ ጀልባ ላይ ይዘላል፤ ያን ጊዜ መርከቧም ጀልባዋም እየሄዱ ናቸው። ላይ ያለው ሰው ሙዚቃ ላይ ስለሆነ አብዛኛው ይህን አያይም። በአሜሪካ ውሃ ውስጥ ዝግ የነበሩት ከቀረጥ ነፃ ሱቆችና ካዚኖው ከዚያ ወዲያ ይከፈታሉ። ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሞድ ያልቀየረ ሰው ደግሞ የመርከቧ የሞባይል ኔትወርክ ይይዘውና ሒሳቡን ቤቱ ሲገባ ያገኘዋል።