ስግድ በኢየሩሳሌም

(የመለከትና የነጋሪት ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ይርቃል።)

ተራኪ፦ ከበዓለ አስተስርዮ በኋላ 50ኛው ቀን በደረሰ ጊዜ፣ ይኸውም በዕብራውያን አቆጣጠር ኸሽቫን በሚባለው ወር በ29ኛው ዕለት፣ ከደምቢያ፣ ከወገራና ከሰሜን የፈለሱት ቤተ እስራኤል የተባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ከነልጆቻቸው ነጭ ለብሰው፣ አዋቂዎቹም ጾመው፣ ከያሉበት ከተማ ተነሥተው በኢየሩሳሌም ደቡባዊ ክፍል ወዳለው ወደ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ይወጣሉ፤ ቄሶቹም ኅብረ ቀለም ያለው ጥላ ተዘርግቶላቸው፣ ኦሪቱን በክብር ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ ስፍራ መልሰው ጸሎታቸውን በግዕዝ ያደርሳሉ።

ቀድሞ በጎንደር አጠገብ በአምቦበር የስግድ በዓል ሲከበር፣ ምእመኑ በፈጣሪው ፊት ለመዋረዱ ምልክት ድንጋይ ተሸክሞ ተራራውን ይወጣ፣ ለሙታኑም መታሰቢያ ወፎች ይለቅሙት ዘንድ እህል በዓለት ላይ ይበትን ነበር። ከልመናው ሁሉ የሚበልጠው ኢየሩሳሌምን ማየት ነበረ።

(ጸሎት በግዕዝ፤ ከሩቅ።)

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሺሕዎች በመንገድና በስደተኞች ሰፈር ወድቀው ከቀሩ በኋላ፣ ዳግመኛም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓጉዞ ምኞቱ ስለ ተፈጸመ፣ «ከደረስን ዘንድ ስግደቱ ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በዕለቱ በሚነበበው በመጽሐፈ ነህምያ ይገኛል፤ በዚያ ማቅ ለብሰው፣ ትቢያ በራሳቸው ነስንሰው ኀጢአታቸውን የተናዘዙት በባቢሎን የነበሩ ምርኮኞች ሳይሆኑ፣ ከምርኮ ተመልሰው የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሠርተው የፈጸሙ ሰዎች ነበሩና።

በዚያው መጽሐፍ ሌዋውያኑ ያነበቡትን፣ ሕዝቡ እንዲያስተውለው፣ ትርጓሜውን ይነግሩት ነበር። በአምቦበርም ቄሶቹ የግዕዙን ንባብ ካደረሱ በኋላ ባማርኛ ይፈቱት ስለ ነበር፣ በእስራኤል ከተሞች በነታንያና በረሆቮት ተወልዶ በዕብራይስጥ ላደገው ወጣት ይኸው ሥርዐት በራሱ አፍ በዕብራይስጥ ካልቀጠለ፣ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሰት ያወጣው ሕግ ዕለቱን ብሔራዊ በዓል ቢያደርገውም፣ ወጣቱ የአያቶቹን ጸሎት በዜማው ብቻ እንዳያውቀው እጅግ እሰጋለሁ፤ ከጸሎቱ ብዙው የተጠበቀው በአረጋውያኑ ቃል ነውና፣ እነርሱም በየዓመቱ ያልፋሉ።

(ከበሮ፤ እልልታ።)

ነህምያ ግን ያለቀሰው ሕዝብ በልቶ ጠጥቶ ደስ እንዲለው፣ ለሌለውም ሰው ድርሻ እንዲልክ አዝዞ ነበር። እንዲሁም ከቀትር በኋላ ቄሶቹ ዳቦውን ይባርካሉ፤ ጾሙ ይፈታል፤ ዳቦውም እየተቈረሰ በዚያ ለተገኘው ሁሉ ይታደላል።