የአሮጌ ስፖርት መኪና የፊት መብራት ማስተካከያ

የተሽከርካሪ የፊት መብራት ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ለነጂው መንገዱን ማሳየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነጂ ዐይን አለማጥበርበር ነው። ሁለቱ ተግባራት እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ የመብራቱ አቅጣጫ ያለ ልክ ሊተው አይችልም። ብርሃኑ ጥቂት ከፍ ካለ ሌላውን ያሳውራል፤ ጥቂት ዝቅ ካለ ደግሞ ነጂው ራሱ የሚያየውን ያጣል። ይህን ልክ ጠብቆ የሚያቆየው መሣሪያ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከጣት የማይረዝም ብሎን፣ አንዲት ትንሽ የናይለን ዳዶና አንድ ሞላ ብቻ ነው። መኪና ሲያረጅ ለባለቤቱ ሳይታወቁ ከሚያልቁት ክፍሎች አንዱም ይኸው ነው።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ አሮጌ ስፖርት መኪና ጠግኖ መንዳት የቆየ ልማድ ነው። ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ ከተማዋ ከሳፋሪ የመኪና ውድድር ጋር ያላት ግንኙነት ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1953 የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘውድ የጫኑበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታና ሎፍቲ ድሩውስ ያሸነፉት ዳትሰን 240 ዜድ በተባለው የጃፓን ስፖርት መኪና ነበር። በኡጋንዳ የተወለደው ሜህታ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራት ጊዜ ደግሞ አሸንፏል። በእነዚያ ዓመታት ውድድሩ ቀንና ሌሊት የሚካሄድ ስለነበረ መብራት እንደ ሞተር ሁሉ የድልና የሽንፈት ጉዳይ ነበር። ኬንያ ከተሠራ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው መኪና በአጠቃላይ ከውጭ እንዳይገባ ስለምትከለክል፣ ዛሬ በከተማዋ የሚታዩት የዚያ ዘመን መኪናዎች በአመዛኙ ከረጅም ዓመታት በፊት ገብተው እየተጠገኑ የኖሩ ናቸው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ ስፖርት መኪናዎች የፊት መብራታቸው ክብ ሲሆን፣ የመስተዋቱ ስፋት 178 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መብራቱ በብረት ቀለበት ታቅፎ ከኋላው ካለው ጎድጓዳ ማቀፊያ ጋር በሦስት ቦታ ይገናኛል። በአንደኛው ቦታ ሞላ ወደ ኋላ ይስበዋል። ከላይ ያለው ብሎን ብርሃኑን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከጎን ያለው ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞረዋል። እያንዳንዱ ብሎን የሚገባው በማቀፊያው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ በተሰካች የናይለን ዳዶ ነው። ዳዶዋ ናይለን የሆነችበት ምክንያት አለው። ናይለን የብሎኑን ጥርስ ለስለስ ብሎ አጥብቆ ስለሚይዝ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ብሎኑ በራሱ እንዳይዞር ይከላከላል።

ይሁን እንጂ ናይለን ዘለዓለማዊ አይደለም። የአምፑሉ ሙቀት በዓመታት ብዛት ያደርቀዋል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። በናይሮቢ አካባቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙ ዝናብ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጭሩ ዝናብ ይጥላል፤ ጎማው የሚረጨው ጭቃም በፓራፋንጎው ሥር አልፎ ብሎኑን ያዝገዋል። የዛገ ብሎን በዳዶው ውስጥ አልዞርም ይላል። መካኒኩ በካቻቪቴ ሲያስገድደው ዳዶዋ ራሷ በቀዳዳዋ ውስጥ ትሽከረከርና ማዕዘኖቿ ይሟሽሻሉ። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ቢዞርም መብራቱ አይታዘዝም፤ በኮረኮንች መንገድ ላይም ብርሃኑ እንደ ቅጠል ይርገበገባል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አጭሩ መብራት በ10 ሜትር ርቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከመቶ አንድ እጅ፣ ወደ ታች እንዲያዘነብል ተስተካክሏል እንበል። መብራቱ ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ብርሃኑ መሬት የሚነካው በ65 ሜትር ላይ ነው። አሁን በላይኛው ብሎንና በተቃራኒው ድጋፍ መካከል ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ብሎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢላላ፣ ሦስት ለመቶ ሃምሳ ሲካፈል ከመቶ ሁለት እጅ ይሆናል። መብራቱ ወደ ላይ ከዞረ ከመቶ አንድ እጅ መውረዱ ቀርቶ ከመቶ አንድ እጅ ይወጣል፤ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ከመሬት 115 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ ቁመት በትንሽ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ነጂ ዐይን የሚገኝበት ነው። ወደ ታች ከዞረ ደግሞ ብርሃኑ ከ22 ሜትር አያልፍም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ የሚታየው መንገድ ሊያልቅ ምንም አይቀረውም።

በኬንያ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት መካከል ትልቁን ቁጥር የሚይዙት እግረኞች ናቸው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ፈጥኖ ይወርዳል። (የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ይህንኑ ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል ይሉታል።) ሰዓቱ ሠራተኛ በመንገድ ዳር በእግሩ ወደ ቤቱ የሚጎርፍበት ነው። ከላይ የተሰላው 3 ሚሊ ሜትር የሚመዘነው በዚህ ሰዓት ነው።

ለጥገናው የሚያስፈልጉት ነገሮች በከተማዋ አይጠፉም። ቀድሞ ግሮጋን መንገድ ይባል በነበረው በኪሪኒያጋ መንገድ የመለዋወጫ ሱቆችና ጋራዦች ተደርድረዋል። የአሮጌ መኪና ዳዶ በሱቅ ከታጣ ደግሞ ጁዋ ካሊ የሚባሉት የእጅ ባለሙያዎች አሉ። ስሙ በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፣ የተሰጣቸውም ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ ስለሚሠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ የእንዲህ ያሉ ሠራተኞችን ድርሻ ከገለጸ ወዲህ ነገሩ የዓለምን ትኩረት ስቧል። ቶርኖ ያለው ባለሙያ ከድቡልቡል ናይለን ላይ ቆርጦ፣ ጎኖቹን በሞረድ አራት ማዕዘን አድርጎና ጥርስ አውጥቶ አዲስ ዳዶ ሊሠራ ይችላል። ከነሐስ መሥራትም ይቻላል። ነሐስ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን እንደ ናይለን ብሎኑን አጥብቆ ስለማይይዝ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቶሎ ቢያልቅም ናይለኑ ይመረጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው በጥርሱ ልክ ላይ ነው። የጃፓን ብሎን በሚሊ ሜትር፣ ብዙዎቹ የድሮ የእንግሊዝ ብሎኖች ግን በኢንች የተለኩ ናቸው። አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የተስማማ ይመስላል፤ ጥቂት ከዞረ በኋላ ግን ጥርሱን ይበላዋል።

ሥራው የሚጀመረው ከመፍታት ሳይሆን ከመቁጠር ነው። ብሎኑ ምን ያህል ወጥቶ እንደሚታይ ይለካና ይጻፋል፤ አዲሱም በዚያው ልክ ይገባል። የዛገው ክፍል ዘይት ተቀብቶ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ሲፈታም ዳዶዋ እንዳትሽከረከር ከፓራፋንጎው ሥር በፒንሳ ትያዛለች፤ እምቢ ካለ ብሎኑን በብረት መጋዝ መቁረጥ ቀዳዳውን ከማበላሸት ይሻላል። ከዚያ ማቀፊያው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል፤ የላላው ሞላ ይለወጣል፤ አዲሱም ብሎን ግራሶ ተቀብቶ ይገባል። አንዳንዶች ይህን ሁሉ ድካም ለማስቀረት ከመብራቱ ኋላ የጎማ ቁራጭ ይወሽቃሉ፤ ሌሎች በማጣበቂያ ያጣብቁታል። ጎማው በመጀመሪያው ጉድጓድ ይወድቃል። ማጣበቂያው ግን የባሰ ነው፤ መብራቱን በስሕተቱ ላይ ያጸናዋል።

በብሎን የማይታረም አንድ ነገር ደግሞ አለ። በኬንያ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ስለሆነ የአጭሩ መብራት ጫፍ እግረኛውንና የመንገዱን ዳር ለማሳየት ወደ ግራ ከፍ ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረች በመሆኗ በእርሷ መንገዶች የሚያስፈልገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለቀኝ መንገድ የተሠራ መስተዋት ናይሮቢ ላይ ቢገጠም ከፍታው በተቃራኒ በሚመጣው ነጂ ዐይን ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ መስተዋቱን መለወጥ ብቻ ነው።

በመጨረሻ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል። የጎማዎቹ ነፋስ ይስተካከላል፤ በነጂው ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል፤ ክብደቱ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ ይህ የሚናቅ አይደለም። በግድግዳው ላይ የመብራቶቹ ቁመት በጠመኔ ይሰመራል፤ ከእርሱም 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሁለተኛ መስመር ይሰመራል። አንደኛው መብራት በጨርቅ ተሸፍኖ ሌላው አጭር ሆኖ ይበራል፤ የብርሃኑ የላይኛ ጠርዝ ሁለተኛውን መስመር እስኪነካ ድረስም ብሎኑ ይዞራል። ጠርዙ መስመሩን ካለፈ ብሎኑ በዝቶ ከተላላ በኋላ እንደገና እየጠበቀ ይመለሳል፤ የመጨረሻው ዙር ምንጊዜም ማጥበቅ ካልሆነ በጥርሶቹ መካከል የቀረው ክፍተት በመንገድ ላይ ይገለጣልና። ከዚያ መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር በኮረኮንች መንገድ ተነድቶ ወደዚያው ግድግዳ ይመለሳል፤ ጠርዙም ከጠመኔው መስመር አለመነቃነቁ ይታያል።