ሳናነብ አንክፈል

በዚህ ሳምንት የምናወራው ስለ መኪናና ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። «እኛ መኪና የለን፤ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዛሬ በጊምቢቹም ሆነ በሆሳዕና ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ገበሬ አለ። በእቁብ ገንዘብ ባጃጅ የሚገዛ ወጣት አለ። ልጁ ከደቡብ አፍሪካ በላከለት ገንዘብ ሚኒባስ የሚገዛ አባት አለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ጊዜ ከተታለልን የዓመታት ድካም ይጠፋል።

የአንድ ጎረቤታችንን ነገር እንንገራችሁ። እኚህ አባት ስንዴ ሸጡ። ልጃቸውም ጨመረላቸው። በደላላ በኩል ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዙ። ደላላው ሊብሬውን ከፍቶ አነበበላቸው። ሊብሬ ማለት የባለቤትነት ደብተር ነው። «አባባ፣ ሁሉም ልክ ነው፤ ይፈርሙ» አላቸው። ጎረቤታችን ማንበብ ይችላሉ። ግን «ወጣቱ ከኔ ይሻላል» ብለው ሳያነቡ ፈረሙ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥርና በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር አልገጠመም። ንብረቱ ተያዘ። ደላላው ስልኩን ዘጋ። እኛም ሽማግሌ ይዘን ሻጩን ፈለግን። ከብዙ ክርክር በኋላ የገንዘቡን ግማሽ መለሰ። ግማሹ ግን ቀረ። «ቁጥሩን እኮ ማንበብ እችል ነበር! ዓይኔ እያየ ተታለልኩ» አሉን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ አንቸኩል። ከመክፈላችን በፊት እነዚህን እናድርግ።

አንደኛ፣ ሊብሬውን በእጃችን እንያዝ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በጣታችን እየጠቆምን አንድ በአንድ እናመሳክር። የሻጩን ስም ከመታወቂያው ጋር እናስተያይ። ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ እናስነሳው። ስንደርስ ሞቆ ከቆየን እንጠርጥር። አስነሥቶ የማያስቸግር ለማስመሰል ቀድመው አሙቀውት ይሆናል። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ጭስ ከሆነ ነዳጅ እያባከነ ነው።

ሦስተኛ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አንመን። ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ጎማውንና የፍሬን መርገጫውን እንይ። ቆጣሪው ጥቂት ብሎ መርገጫው ካለቀ፣ አንዱ ይዋሻል። የራሳችንን መካኒክ እንጂ ሻጩ ያመጣውን አንያዝ።

አራተኛ፣ ውሉን ሕጋዊ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት እንዋዋል። ስሙም ወደ እኛ ይዛወር።

ጋራዥ ስንሄድም እንዲሁ ነው። ምን እንደሚጠገንና ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድመን እናስጽፍ። መለዋወጫ ከተቀየረ «የወለቀውን ስጠኝ» እንበል። አንዳንድ ጊዜ አሮጌው ታጥቦ እንደ አዲስ ሊገባ ይችላል። ደረሰኝም እንቀበል።

ሕጉም ይረዳናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን በዕቃው ላይ ላለ የተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ገዢውም ጉድለቱን እንዳወቀ ቶሎ ለሻጩ መንገር አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል ሲል ደነገገ። ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሰው ምን ይዞ ይከራከራል?

ጎረቤታችን ዛሬ ሌላ ሞተር ብስክሌት አላቸው። ለመግዛት ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። በዚያን ቀን እኛም አብረን ሄደን ነበር። ደላላው «ላንብብልዎ» አለ። እሳቸው መነጽራቸውን አወጡና «ተወው ልጄ፣ እኔው አነበዋለሁ» አሉ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ገጠመ። ከዚያ በኋላ ከፈሉ።

ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።